ይመር፣ ማይክራፎን ሳይመጣ

ሽንኩርት ስመርጥ ሰው ባያናግረኝ እወዳለሁ። አንድ በአንድ አገላብጬ፣ አናቱን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አድርጌ ካላየሁ አልገዛም። ሻጮቹም ዓመሌን ስለሚያውቁ፣ “እትዬ ሐዋ፣ ሽንኩርት ሳይሆን ምራት ነው የሚመርጡት” እያሉ ይስቁብኛል። ባለፈው ወር ሐይቅ ገበያ ዳር ቁጢጥ ብዬ ይህንኑ ሳደርግ፣ ጣራው ላይ ድምፅ ማጉያ ያሰረ ባጃጅ እየተንቀራፈፈ መጣ። “አንጋፋው የመድረክና የፊልም ተዋናይ አርቲስት ይመር! በከተማችን አዳራሽ! ታላቅ የክብር ዝግጅት! እሁድ ከሰዓት በኋላ!” አለና ቀድሞ የተቀረጸ ጭብጨባ ለቀቀ። ከጭብጨባው ጋር የወጣቶች ድምፅ ተከተለ። “ለለ! ለለ! ለለ!” የያዝኩት ሽንኩርት ከእጄ ወደቀ ብል ውሸት ይሆናል፤ ጨምቄ ይዤው ነበር። ሻጯ በደረቷ እየተወዛወዘች ተቀበለች። “ውይ፣ ይሄን ዘፈን ስወደው! እናቴ እሹሩሩ ስትለኝ በዚሁ ነበር” አለች።

ለለ ዘፈን አይደለም። አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ቃል አልወጣ ብሎት የተጨነቀበት ድምፅ ነው። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ከየት ይጀመራል? የመረጥኩትን ግማሽ ዘንቢል ጥዬ ተነሳሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት አልቀመጥ አልኩ። መጽሐፍ እገልጣለሁ፤ ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ገጽ ላይ ነኝ። ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ፤ ውሃው ሳይታየኝ እመለሳለሁ። እሁድ ይመር አዳራሽ ሲገባ ያን ድምፅ ይሰማል፤ በዚህ ዕድሜው፣ በሽልማት ስም፣ መልሰው ቃል ያጣበት ገበያ መሃል ያቆሙታል። እኔ ደግሞ ያን ቀን ከኋላው ስለነበርኩ ዝም ብል አላስቻለኝም።

ያን ጊዜ ከባሌ ቤት ተመልሼ አባቴ ጓሮ የምኖር፣ እኩዮቼ ሁለት ሦስት ልጅ ሲያዝሉ ገና ሀ ሁ የጀመርኩ ሴት ነበርኩ። ፊደል ዘግይቶ ስለደረሰኝ ነው መሰለኝ ስስቴ አያድርስ ነበር፤ ስኳር የተጠቀለለበት ወረቀት እንኳ ሳላነበው አልጥልም። መምህር ካሣዬ፣ ቀን ልጆችን ማታ እኛን ጎልማሶቹን የሚያስተምረው፣ የከተማውንም የኪነት ቡድን የሚመራው ሰው፣ ይህን አየና “ድምፅሽ ለመድረክ አይሆንም፤ ዓይንሽ ግን ይሆናል” ብሎ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጠኝ። ሥራዬ ተውኔቱን በልቤ እየተከተልኩ፣ ቃል የጠፋበትን ተዋናይ በሹክሹክታ ማቀበል ነበር። መጋረጃው አቡጀዲ ነው፤ በታጠበ ቁጥር ያጥርና ጫማዬ ለተመልካች ይታያል። አንድ ቃል የዘለለ ተዋናይ ከመድረክ ሲወርድ ሳላርመው አልለቅም ነበር። “ከሐዋ ዳኛ ይሻላል” ይሉኛል። አልተቀየምኩም፤ እውነት ነበር።

ምን ዘመን ነበር ብትሉኝ፣ የፖለቲካውን ነገር ለሚያውቁት እተወዋለሁ። እኔ የማውቀው ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው በጋዜጣ ጠቅልለው ሁለቱን በስሙኒ ሲሸጡ፣ የጋዜጣው ቀለም ዓሣው ላይ ታትሞ ስለሚቀር ዜና በላን ብለን ስንሳሳቅ ነው። ወንዶቹ ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ቴትሮን ሱሪ በኮንጎ ጫማ አድርገው አስፋልቱ ዳር ይንጎራደዳሉ፤ እኛ ሻሻችንን ወደ ኋላ ሸርተት አድርገን የፊት ጸጉራችንን ስናሳይ እናቶቻችን “አስተግፊሩላህ!” ይላሉ። ከመናኸሪያው ማዶ የነበረው ልብስ ሰፊ ሥራ ሲያጣ ክራሩን ከግድግዳ አውርዶ አምባሰልን ይቃኛል፤ ሥራ ሲበዛበትም እግሩ የስፌት መኪናውን በዚያው ስልት ነው የሚረግጠው ይሉት ነበር፤ የሰፋው ሱሪ ወለም ዘለም የሚለው ለዚያ ነው እየተባለ። አሁን እዚያ በረንዳ ላይ ሞባይል ይጠገናል። ባለፍኩ ቁጥር አንገቴ በራሱ ጊዜ ዞር ይላል፤ ከዚያ ደግሞ በራሴ እናደዳለሁ፤ ምን ልሰማ ነው?

ይመር የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ቁመቱ መካከለኛ፣ እጆቹ ግን ለሌላ ሰው የተሰሩ ይመስል ረጃጅም። ሲናገር ይንተባተባል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ “ደ… ደ…” ሲል፣ “ደህና አድሬያለሁ አያ ይመር፣ አንተስ?” ብዬ አልፌው እሄዳለሁ፤ ከተማው ሁሉ እንደዚያው ነበር የሚያደርገው፤ ለሱ ያቀለልንለት እየመሰለን። መድረክ ላይ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ቃል አይናገርም፤ አያስፈልገውም። በዚያን ጊዜ ማይክራፎን የሚባል ነገር አልነበረንም። ጭነት መኪና ላይ፣ እህል በሞላው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ውጫሌ ገበያ ስንደርስ መኪናው ራሱ መድረክ ይሆናል፤ ፊት ለፊቱ ፍየሉም ገዢውም ሻጩም ይንጫጫል። ሌሎቹ ተዋናዮች ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ቢጮሁ ከፊት ካሉት በቀር የሚሰማ የለም። እኔ የማቀብለው ቃልማ የማን ወሬ ነው! ስለዚህ መምህር ካሣዬ፣ “ገበያ ላይ ሁሉም ነገር የይመር ይሁን” አለ።

ይመር ታዲያ ባዶ እጁን ወጥቶ፣ ሚስቱ አራስ ሆናበት ውሃ ለመቅዳት የተገደደ ባል ይሆናል። እንስራ ያነሳል፤ እንስራው የለም። ያዝለዋል። ወገቡ ይጎብጣል፣ የአንገቱ ሥር ይወጠራል፣ ዳገቱ ላይ እግሩ ይከዳዋል፤ ውሃው ማጅራቱ ላይ ጠብ ሲልበት ብርዱ የሚይዘው እኛን ነው። ከመኪናው ወርዶ በሕዝቡ መሃል ሲያልፍ ሰዉ ለእንስራው መንገድ ይለቃል። አንድ ጊዜ ከአምባሰል ገጠር የመጡ እናት ብድግ ብለው፣ “ላውርድልህ የኔ ልጅ! ኧረ አግዙት፤ ወንድ ልጅ ስለ እንስራ ምን ያውቃል!” ብለው ሁለት እጃቸውን ከጀርባው ሥር ሰደዱ። ይመር አላሳፈራቸውም። ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀ፣ ከሳቸው ጋር እንስራውን መሬት አስቀመጠው። እናትየው ቀና ብለው የግንባራቸውን ላብ ጠረጉ። ወላሂ ጠረጉ፤ አይቻለሁ።

ፊልሙም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የጤና ትምህርት የሚሰጡ ሰዎች ካሜራ ይዘው ወደ ሐይቅ ወረዱ። ካሜራቸው ምስል እንጂ ድምፅ አይቀዳም፤ ፊልሙ ሲታይ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው ታሪኩን የሚያወራው። “ሳይናገር የሚገባ ሰው አላችሁ?” ብለው ሲጠይቁ ከተማው በአንድ ጣት ይመርን ጠቆመ። ያልፈላ ውሃ ጠጥቶ፣ ታሞ፣ በመጨረሻ የሚሞት ገበሬ ሆነ። ሲሞት ዳር ቆሜ ነበር። መጀመሪያ የሞተው እጁ ነው፤ ከዚያ ትከሻው፤ ዓይኑ ከሁሉ በኋላ። ዝንብ ከንፈሩ ላይ አርፋ አልተነቃነቀም። ፊልሙ በነጭ አንሶላ ላይ እየታየ በየገጠሩ ዞረ፤ ብዙም ሳይቆይ ከአምባሰል ተራራ ሥር የሚኖሩ ዘመዶቹ በአህያ እህል ጭነው እያለቀሱ እናቱ ደጅ ደረሱ። “ማን ሞተ?” አሉ እናት ደንግጠው። “ልጅሽ ነዋ! በዓይናችን አይተነው!” ይመር ከጓሮ መረቡን እየጠገነ ብቅ ቢል አንዲቱ አክስቱ ተዝለፍልፋ ወደቀች። እህሉ ግን አልተመለሰም፤ “ሬሳ ባይኖርም ለቅሶው ተለቅሷል” ተብሎ ለሰደቃ ተበላ። እናቱ ከዚያ ወዲህ ከቤት በወጣ ቁጥር፣ “ዋ! ሁለተኛ ሞተህ እንዳትመጣ!” እያሉ በዱላ ያስፈራሩት ነበር።

ይህን ሳወራ ደስ ይለኛል። ደስ ስለሚለኝም እያዘገየሁ ነው።

ማይክራፎኑ ከነጀነሬተሩ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መጀመሪያ ቀን ተዋናዮቹ ተራ በተራ “ሀሎ፣ ሀሎ” እያሉ የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ እንደ ሙሽራ ያፍሩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ገበያተኛው ዝም ያለ ነገር አላይ አለ። ይመር እንስራውን አዝሎ ሲወጣ፣ “ምን ይላል? አይሰማም! ጮክ በል!” የሚል መጣ፤ ድሮ ማንም ያልጠየቀው ነገር። መምህር ካሣዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አስቦ አስቦ፣ “ይመር፣ ዘመኑ የድምፅ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገርልኝ፤ አንዲት ብቻ” አለው። ተውኔቱ በመስኖ ውሃ ስለተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ነበር፤ መጨረሻው ላይ ይመር “ለልጆቻችን ስንል እንታረቅ” ይላል፤ ያበቃል። ያችን ዓረፍተ ነገር ሐይቁ ዳር እየሄድን ተለማመድናት። እኔ ፊት ሲቆም ያላንዳች እንቅፋት ይላታል። “አ… አየሽ? እ… እንዴት እንደወጣች!” ብሎ ስለመውጣቷ ሲያወራ ነው የሚንተባተበው። እንስቃለን። አሁን ያ ቦታ ሸምበቆ ሞልቶበታል፤ በዚህ ሰሞን ስንት ጊዜ እስከዚያ ሄጄ እንደተመለስኩ!

ውጫሌ፣ የገበያ ቀን። ይመር ማይክራፎኑን በሁለት እጁ ያዘ። “ለ…” አለና ቆመ። “ለ… ለ… ለ…” ድምፅ ማጉያው እያንዳንዷን ከተራራው ጋር አጋጭቶ ይመልሳታል። ያኔ ነው ሕዝቡ ያገዘው። የኛ አገር ሰው ለጸሎት ተሰብስቦ ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ሲወርድ፣ መንዙማ ሲባል፣ አውራጁ አንዲት ድምፅ ሲያወጣ ተቀብሎ ማድመቅን ማንም ሳያስተምረው ነው የሚያውቀው። አውራጅን ብቻውን መተው ነውር ነው። ከፊት አንድ ሰው “ለለ!” ብሎ ተቀበለና አጨበጨበ። አጠገቡ ያለው ቀጠለ። ይመር “ለ… ለ…” ባለ ቁጥር ገበያው “ለለ! ለለ!” ይላል፤ ጭብጨባው ስልት ያዘ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ፍየል ሻጩ ፍየሉን ትቶ ትከሻውን መታ። ክፋት የለበትም፤ የሰዉ ፊት ሁሉ ብርሃን ነበር። እኔ ከአቡጀዲው በስተጀርባ ስለሆንኩ የማየው የይመርን ጀርባ ነው። ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ በላብ ተጣብቋል። ዓረፍተ ነገሯ አልወጣችም።

“ወርቅ ነው! ይመር፣ ወርቅ አገኘህ!” አለ መምህር ካሣዬ አቅፎት። ከዚያ በኋላ በሄድንበት ከተማ ሁሉ ለለ ፕሮግራም ውስጥ ገባ። ሰዉ ገና ሲያየው ይጀምርለታል። እንስራውን ተሸክሞ ቢወጣ፣ “እሱን አስቀምጠውና ለለን በለን!” ይሉታል። ለካ እውነተኛ ሸክሙን ሁሉም እንደ ጨዋታ ነው ያየው። አንድ ማለዳ ጭነት መኪናው ሲጠብቀው ቀረ። ካሣዬ ቤቱ ድረስ ቢሄድ፣ ይመር ሆዱን ይዞ በምልክት አሞኛል አለው፤ ፊልም ላይ ያን ያህል አሳምሮ የሞተ ሰው ሲታመም ማን ያምነዋል? ካሣዬ ተቆጥቶ ተመለሰ። ይመር በዚያው ወደ ውጫሌ ሄዶ እህል በረንዳ ሥራ ያዘ፤ ጭነት መኪኖች ወደ ኋላ ሲገቡ በእጁ እየመራ ያስገባል። ሾፌሮቹ ከሱ እጅ በቀር አያምኑም ይባል ነበር። የመድረኩም የፊልሙም ነገር እዚያ ላይ አበቃ፤ በከተማው አፍ ላይ የቀረው ለለ ብቻ ነው። እኔም ትምህርቴን ቀጥዬ፣ ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጠብቅ አረጀሁ።

ዝግጅቱን የምታሰናዳው ሰብለ የምትባል መምህርት ናት፤ የወጣቶቹን የቴአትር ክበብ ትመራለች። ልጅ ሳለች መጽሐፍ አውሼያት የገጹን ጥግ አጥፋ ስትመልስ የተቆጣኋት ናት። ቢሮዋ ገባሁና ቆሜ፣ “ለለውን ከፕሮግራሙ አውጪው” አልኳት።

“እትዬ ሐዋ፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ እንጂ።”

“አልቀመጥም።”

“ዋናው እኮ እሱ ነው! ከበሩ ሲገቡ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ለለ ይላል። በደስታ ነው የሚያለቅሱት፣ ያዩታል።”

“ጠይቀሽዋል?”

“ሰርፕራይዝ ነዋ!”

“ሰብለ፣ ያ ዘፈን አይደለም። ቃል ይዞት ነው።”

ሳቀች። የክፋት ሳቅ አይደለም። “እትዬ፣ እሱማ ትወናው ነዋ! ሕዝቡን እንደዚያ አድርጎ የሚያስቀብል ተዋናይ ዛሬ የት አለ? ሆን ብለው እንዳደረጉት አገር ያውቃል። እኔ ለልጆቹ በምሳሌነት ነው የማስተምረው።”

“አገር ተሳስቷል።”

“እንግዲህ እሳቸው ራሳቸው ከነገሩኝ አምናለሁ” አለችና ይጮህ የነበረውን ስልኳን አነሳች። በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ፤ ከዚያ መልሼ ከፈትኩና ቀስ ብዬ ዘጋሁት፤ በር መወርወር ደስ አይለኝም።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ወደ ውጫሌ ሄድኩ። ይመር እንደ ወትሮው የልጁ የዘምዘም ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ሽርጡን አገልድሞ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ እጆቹ ቀድመው ተነሱ።

“ሐዋ! እ… እን…”

“እንኳን ደህና ቆየኸኝ አያ ይመር።”

ዘምዘም ወንበርና ለስላሳ አመጣች። ሁሉንም ነገርኩት፤ ባጃጁን፣ ሰብለን፣ አዳራሹ ተነስቶ እንደሚቀበለው። ስናገር እጆቹ ጉልበቱ ላይ ዝም አሉ። “አትሂድ” አልኩት። “ታሟል እላቸዋለሁ። ሽልማቱን እኔ ተቀብዬ አመጣልሃለሁ።”

“አ… አ…”

“አዎ፣ ለኔ ተወው፣ እኔ…”

“አ… አንቺ ሴትዮ! አስ… አስጨርሺኝ!”

ዘምዘም ከውስጥ በሳቅ ፈነዳች። “እሰይ! እኔንም እንዲሁ ነው የሚለኝ። እትዬ፣ አባዬ ዘንድ የቸኮለ ሰው ተቀጥቶ ነው የሚሄደው!”

አፌን ያዝኩ። ይመር ጊዜውን ወሰደ። “እ… እሄዳለሁ” አለ። “ሞ… ሞቼ እንኳ መጥቻለሁ፤ ዛሬ ብ… ብቀር እናቴ ምን ትላለች?”

“እዚያ ቆመህ ምን ልትል ነው?”

“እ… እዚያ ስደርስ።”

“ልጻፍልህ? አጭር ነገር። ሐይቁ ዳር እንደ ድሯችን እንለማመዳታለን።”

“አይ… አይሆንም” አለ። ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ እንዲህ ያለ መልስ አያስተኛኝም፤ ያልተጻፈ ነገር አልወድም። እስከ እሁድ ድረስ መደርደሪያዬን ሦስት ዓይነት አሰናዳሁት፤ በቁመት፣ በርዕስ፣ ከዚያ እንደነበረ።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ወንበር ያጡት ግድግዳውን ተደግፈዋል። እኔን ከፊት አስቀመጡኝ። ይመር ነጭ ኮፍያና ቡናማ ኮት አድርጎ ከበሩ ብቅ ሲል ሰዉ ተነሳ። “ለለ! ለለ! ለለ!” ጭብጨባው ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። ሰብለ ከደስታዋ ብዛት ዓይኗን ትጠርጋለች። ይመር ፊቱ ሳይለወጥ ወደ ማይክራፎኑ ሄደ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እስኪያበቃ ጠበቀ። ከዚያ “ያ…” አለ። “ያ… ያ…”

“ለለ! ለለ!” አለ አዳራሹ።

ይመር ጨርሰው እስኪቀመጡ በትዕግሥት ጠበቃቸው፤ እንግዳ ተናግሮ እስኪጨርስ እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረ። “ያ… ያ…” እንደገና ተቀበሉት። እንደገና ቆመና ጠበቀ። አልተቆጣም፣ አልሳቀም፣ አልቸኮለም። ጭብጨባው በየዙሩ እየሳሳ መጣ፤ ከኋላ አንድ ሰው “እሽ! ሰውየው ሊናገር ነው መሰለኝ” አለ። ከዚያ የቀረው የሕፃን ሳል ብቻ ነበር።

“ያ ቀን” አለ ይመር። “ው… ውጫሌ። ትወና አ… አልነበረም።”

በዕድሜዬ ሙሉ ይመር ሲናገር ቃሉን ቀድሜ አውቀው ነበር፤ ዛሬ ወረቀቱ እኔ ዘንድ የለም። “ቸ…” አለ። “ቸ… ቸ…” የአንገቱ ሥር ተወጠረ። እዚህ ላይ ሊል የፈለገው ገባኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነው፤ ሹክ ብል ይሰማኛል፤ ቅርብ ነኝ። ሰብለ ከመድረኩ ጥግ በዓይኗ ትለምነኛለች፣ ‘እትዬ፣ ይበሉለት’ የምትል ይመስል። የነጠላዬን ጫፍ ጥርሴ ውስጥ አስገብቼ ነከስኩት። “ቸ… ቸ…” አዳራሹ እንዲያ ሆኖ ሲጠብቅ የቆየውን ያህል በሕይወቴ የረዘመብኝ ነገር የለም።

“ቸግሮኝ ነበር” አለ ይመር።

ማንም አላጨበጨበም። ከመሃል አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በሰው ተደግፈው ተነሱ። “ይመር፣ መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ” አሉ። “ያገዝንህ መስሎን ነው፣ ልጄ። አውፍ በለን።” አጠገባቸው የተቀመጡት፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ የመጡት ቄስም “ይቅር በለን” አሉ። ቃሉ ከወንበር ወንበር ዞረ፤ አውፍ በለን፣ ይቅር በለን። ሰብለ ወለሉን እያየች አለችው። ይመር አፉን ከፈተ። “አ… አ…” አለ። ያ ሁሉ ሰው መልሱን ያውቀዋል። አንድም ሰው አልቀማውም።

“አውፍ ብያለሁ” አለ፤ ወርዶም አጠገቤ ተቀመጠ።

ዘምዘም እሷ ዘንድ እንዳድር መልእክት ስለላከችብኝ አብረን ወደ ውጫሌ ተሳፈርን። የሸለሙትን ጋቢ እሱ ለበሰው፤ በመስታወት የተደረገውን ፎቶግራፉን እኔ ጭኔ ላይ አቀፍኩ። መንገድ ላይ ብዙ አልተናገረም፤ እኔም ልጠይቀው የምፈልገው ሞልቶኝ በመስኮት አያለሁ። የዘምዘም ሱቅ ከከተማው መግቢያ ነው። ቆርቆሮው ከሩቅ ሲታይ ይመር ወደ ፊት ጎንበስ አለ። “ወ…” አለ። “ወ… ወ…”

ረዳቱ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎታል። ሱቁ ደረሰ። ዘምዘም ደጃፉ ላይ ቆማ እጇን አነሳችልን። ሱቁ አለፈ። ወፍጮ ቤቱ አለፈ፤ ትምህርት ቤቱም። እኔ ፎቶግራፉን ይዤ ፊት ለፊት አያለሁ።

“ወራጅ አለ!” አለ ይመር።

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። “ኧረ አባባ፣ ምነው ቀደም ብለው ቢናገሩ?” አለ ረዳቱ በሩን እየሳበ። “እኚህ እናትስ አብረው አይደሉም እንዴ?”

“አብረን ነን” አልኩ።

ወርደን በአስፋልቱ ዳር ወደ ኋላ እንሄድ ጀመር። ፀሐይዋ ከአምባሰል ተራራ ጀርባ ልትገባ ነው፤ ከገበያ የሚመለሱ አህዮች ይቀድሙናል። እስከ ዘምዘም ደጅ ድረስ የተናገረው እሱ ነው።